ካኪ ሁሉ አንድ ነው

ቢቸና አዲስ የተመደበ መምህርም ሆነ የጤና ረዳት የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ወደ እኔ ይልኩታል። «አካለ ወልድን ጠይቀው፤ ልብስ እሱ ያውቃል» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ አውቃለሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነው። መጀመሪያ ሳጥንህን ክፈትና ያለህን እይ። ሱሪ ሦስት ይበቃሃል፤ አንዱ ገላህ ላይ፣ አንዱ የልብስ ገመድ ላይ፣ አንዱ ሳጥን ውስጥ። ሸሚዝ ሁለት ነጭ፣ አንድ ውሃ ሰማያዊ። ኮት ሁለት፣ የዘወትርና የክት። ቀለሙ አመድማ ወይም ቡኒ ይሁን፤ አመድማ ከሁሉ ጋር ይታረቃል፣ የቢቸናን አቧራም ይሸሽጋል። ጥቁር ሙሉ ልብስ አዲስ አበባ አሰፍቶ የሚመጣ ጎረምሳ አለ፤ በሳምንቱ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ጫማ ላይ አትሰስት። ሰልባጅ ከገዛህ ብብቱን አይተህ ግዛ። ከኮት በላይ ጋቢ አትደርብ፤ ትከሻውን ያበላሸዋል። ደግሞም አዲስ ልብስ ሲገባ አሮጌው ይውጣ፤ ሳጥን ጎተራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስናገር አፋቸውን ከፍተው ያደምጡኛል፤ ማስታወሻ የሚይዝም አለ። ከእነዚህ ሕጎች ሁለቱ ታላቅ ወንድሜን ከአገሩ እንደነቀሉት ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

ወንድሜ ይርሳው ይባላል። አባታችን ሲሞት እሱ ሃያ ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አገራችን ዋርካ ጊዮርጊስ ነው፤ ከሞጣ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሁለት በሬ ነበረን። እኔ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ስገባ አንዱን ሸጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ በሬ ገዝቶ አያውቅም። የቀረውን አንዱን በሬ ከጎረቤቱ ከጓዴ በሬ ጋር እያቀናጀ፣ ሦስት ቀን ለራሱ ሦስት ቀን ለጓዴ እያረሰ ነው እኔን ጸሐፊ ያደረገኝ። በሬውን ሸጦ ስላስተማረኝ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም አንስቼለት አላውቅም።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ሊጠይቀኝ ቢቸና መጣ። ቅል ሙሉ ቅቤ ይዟል። የተጣፈ ቁምጣና እጀ ጠባብ ለብሷል፣ ከላይ ከአባታችን የወረሰውን በርኖስ ደርቧል። መሥሪያ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሳ እጅ ይነሳል። ለተላላኪው ሳይቀር ተነሳ። ጓደኞቼ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። አፈርኩ። ያፈርኩት በልብሱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ያን ጊዜ አዲስ አመድማ ኮት አሰፍቼ ነበር። እንግዲህ በሕጌ መሠረት አሮጌው መውጣት አለበት። አሮጌ ስል ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጠንካራ ካኪ፣ አራት ኪስ ያለው፣ ክርኑ ያልሳሳ። የሰፋው ይማም ነው። ይማም ሞጣ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ፣ አባቱም አያቱም እዚያው በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ነው። ግራኝ መሆኔን አይቶ የውስጥ ኪሱን በቀኝ በኩል አድርጎልኛል። እንዲህ ያለ ኮት በጎጃም ሁለተኛ የለም። እኔና ይማም ካልሆንን በቀር ኪሱ ለምን በቀኝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቤቴ ወስጄ ኮቱንና አንድ ሱሪ አለበስኩት። እጅጌው ጥቂት ከማጠሩ በቀር ትከሻው ልክክ አለለት።

«አያ ይርሳው፣ ከዚህ በላይ ጋቢ እንዳትደርብ» አልኩት።

«ቢበርደኝስ?»

«ቢበርድህም። ኮት ላይ ጋቢ የሚደርብ ባላገር ነው።»

«እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» ብሎ ሳቀ። ሲሄድ በመንገዱ ሁሉ እጅጌውን እያየ ነበር። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በስድሳ ዓ.ም. በምርት ላይ አዲስ ግብር ተጣለ ተባለና አገሩ ታመሰ። ርስታችን ሊለካ ነው፣ ሊነጠቅ ነው የማይል ሰው አልነበረም። የሆነውን የነገረችኝ የወንድሜ ሚስት ደስታነሽ ናት።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ የጊዮርጊስ ደጅ ላይ እንደቆመ፣ ለአዲሱ ግብር ማሳ የሚለኩት ገማቾች ከነፖሊሶቻቸው ደረሱ። በአገራችን ሹም ሲመጣ ወንድ ሁሉ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሸንፍጦ ያስራል፤ ማደግደግ ይሉታል። የጠላም የወደደም ያደገድጋል፤ ወጉ ነው። ያን ቀን ሁሉም አደገደገ። ይርሳው ግን በዓል ነው ብሎ ያንን ኮት ለብሶ ነበር፤ እኔ ከኮት በላይ አትደርብ ስላልኩትም ኩታውን ቤት ትቶታል። የሚያደገድግበት የለውም። እጁን የሚያኖርበት ቢጠፋው ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የገማቾቹ አለቃ ያንን ሁሉ ያደገደገ ባላገር አልፎ ቀጥ ብሎ የቆመውን ባለካኪ አየ። የመንግሥት ሰው መሰለው። መጥቶ ጨበጠው። «አቶ ማን ልበል?» አለው። ወንድሜ በዕድሜው አቶ ተብሎ አያውቅም። ከዚያ ሰውየው የመለኪያውን ገመድ ጫፍ አውጥቶ «እስቲ ይህቺን ይያዙልኝ» አለው።

ያዘ። ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አያውቅም፤ ቢያውቅማ ኖሮ እኔም አልማርም ነበር። የገመዱን ጫፍ ይዞ እስከ ድንበሩ ሄደ፤ የተለካውም የጓዴ ማሳ ነው። አገር በሙሉ ቆሞ ያያል።

በሚቀጥለው እሑድ ወንዶቹ ተማማሉ። ለይርሳው እሳት የሰጠ፣ ወንፈል የገባ፣ በሬ ያቀናጀ ከእሱ ጋር ይቆጠር ተባለ። ገማቾቹን ፖሊስ ይጠብቃቸዋል፤ ይርሳውን ማን ይጠብቀዋል? አህያውን ፈርተው ዳውላውን መሆኑ ነው።

ደስታነሽ በመጋቢት ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ቢቸና መጣች። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ነው የጀመረችው።

«ፍም ልለምን ስሄድ ምድጃቸውን አመድ ያለብሱታል። በማኅበሩ ጽዋው ሲዞር እሱን ይዘለዋል። ይህስ ይሁን፣ ሰው ይችለዋል። ጓዴ በሬውን ለየ፣ አካሉ! ባንድ በሬ ምን ይታረሳል? ዝናቡ ሳይጥል ካላረስን አለቀልን።»

«ኮቱን እኔ እንደሰጠሁት አልነገራቸውም?»

«ነገራቸው እንጂ! ማን ይመነው? ከአገሩ ሽማግሌዎች ግራዝማች ባዘዘው ናቸው የሚሻሉት። ‹እንግዲያው ወንድምህ ይምጣና በጊዮርጊስ ደጅ ኮቱ የኔ ነው ይበል፤ ይህን ካለ ነገሩ አለቀ፣ በዚያው ቀን በሬህ ይቀናጃል› አሉ። አንድ ቃል ነው፤ አንድ ቃል ብቻ።»

«እመጣለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

አለቃዬ ግን ፈቃድ ስጠይቀው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በዚያ ሰሞን ከከተማ ወጥቶ ገጠር የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። «ከአመፀኞች ጋር ተቀመጠ የሚል ወሬ ከደረሰኝ እንጀራህ አበቃ» አለኝ። ልብስ ላሰፋ እስከ ሞጣ ብቻ ነው የምሄደው ብዬ ዋሸሁት። እኔ ልብስ ላሰፋ ነው ስል የማያምን ሰው የለም።

ከደስታነሽ ጋር በጭነት መኪና ሞጣ ደረስን። ይማም የስፌት መኪናውን መርገጫ እየረገጠ ከላይ እስከ ታች አየኝ። አመድማ ኮት፣ አመድማ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

«እንዲህ ሆነህ ዋርካ ጊዮርጊስ ልትገባ?» አለኝ።

«ሌላ ምን ልብስ አለኝ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስሰፋልህ ኖሬ አንድ ኩታ የለህም? ያሳዝናል። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ሲባል አልሰማህም?»

እውነት ነው፤ አልነበረኝም። ከእናቴ እጅ ፈትል የተሠራ አንድ ኩታ ነበረኝ፤ ሳጥን ያጣብባል ብዬ ከሰጠሁት ቆየሁ። ይማም ገብቶ የራሱን ኩታ አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ኮቴን አስወልቆ እዚያው አስቀረው።

«እኔም ልምጣ» አለ ቀጥሎ። «ስፌቴን ባሥር ዓመቱ አውቀዋለሁ። የውስጥ ኪሱን ገልብጬ ላሳያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ክርክር አለ?»

«አያስፈልግም፤ አንድ ቃል ነው» አልኩት።

አሁን ሳስበው፣ ምስክር ያልፈለግሁት መሸሻ በር ለመተው ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቅሁም። ወይም አውቄ አላወቅሁም አልኩ።

ዋርካ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ግማሹ ጠመንጃ ይዟል። በሰው ኩታ ተጠቅልዬ መካከላቸው ቆምኩ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ አደገድጌም አላማረብኝም፤ አንዴ ይፈታብኛል፣ አንዴ ይወርድብኛል። ይርሳው ከፊት ለፊቴ ቆሟል። ከስቷል። ሲያየኝ ግን ፊቱ በራ። ወንድሜ መጣልኝ፣ አሁን ሁሉ ነገር አለቀ የሚል ፊት ነው። ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም።

ግራዝማች ባዘዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮቱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«እንደምን ሰነበትህ ልጄ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ?»

«ደኅና። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አንተ ላይ ቂም የለንም። ተምረህ እንጀራህን የምትበላ የአገር ልጅ ነህ። ወንድሙን ማልበስም ነውር አይደለም። ይህ ኮት ያንተ ከሆነ፣ ሰውየውን የገማቾቹ ሰው ያሰኘው ልብሱ ነው እንላለን፤ ይቅር እንባባላለን። ያንተ ካልሆነ ግን የሰጡት እነሱ ናቸው። ይኸው እየው። ያንተ ነው?»

ኮቱን ዘርግተው አቀበሉኝ። ሳልነካው ነው ያወቅሁት። ኮሌታው ላይ ይማም ዳግመኛ የሰፋው ስፍራ አለ። ሦስተኛው አዝራር ወድቆ እኔ ራሴ የተከልኩት ነው፤ ክሩ ይለያል። የቀኙን ኪስ ገልብጬ «እኔ ግራኝ ነኝ፤ እዩ» ብል ልጅም ይገባዋል። አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ከሰዎቹ ኋላ ኃይለ ጊዮርጊስን አየሁት። ኃይለ ጊዮርጊስ ቢቸና መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከአለቃዬ ጋር ማለዳ ማለዳ ሲያወራ አየዋለሁ። ለዘመድ ለቅሶ መጥቶ ኖሯል። አንገቱን አስግጎ ያያል። ቅዳሜ ሳይደርስ አለቃዬ ጆሮ ይገባል አልኩ በልቤ፤ አካለ ወልድ ጠመንጃ በያዙ አመፀኞች ሸንጎ ቆሞ ቃሉን ሰጠ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የመንግሥትን ገማቾች ከሰሰ። ወንበሬ ታየኝ። ደመወዜ ታየኝ። ሳልዋሽ ልናገር፣ ሳጥኔም ታየኝ።

«ግራዝማች» አልኩ፣ «ካኪ ሁሉ አንድ ነው። የእኔ ይሁን የሌላ በምን አውቃለሁ? ካኪ በየመሥሪያ ቤቱ ይታደላል።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ኮቱን ማን እንደሰፋው የምናገር፣ ጋባርዲንን ከክሬፕ በጣቴ ዳስሼ የምለይ፣ ለአገሩ ጎረምሳ ሁሉ የልብስ ዳኛ የሆንኩ እኔ፣ ሦስት ዓመት ገላዬ ላይ የኖረውን ኮት አላውቀውም አልኩ።

ደስታነሽ «አካሉ!» ብላ ጮኸች።

ይርሳውን አየሁት። ይሰድበኛል፣ ይራገመኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያደርገው ይቀለኝ ነበር። ቀስ ብሎ መጣ፣ ኮቱን ከእጄ ወሰደ፣ አጣጠፈው። ለግራዝማች መልሶ አስረከባቸውና እጅ ነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሜ ዋሸ ብሎ ሊያዋርደኝ አልፈለገም። ይህም ሌላ ዕዳ ሆነብኝ።

ግራዝማች ባዘዘው «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ባትመጣ ይሻል ነበር» አሉኝ።

ይማም ኩታውን ስመልስለት ምን ሆነ አላለኝም። ፊቴን አይቶ ተረዳ መሰለኝ። ኮቴን ሰጠኝና ወደ ስፌቱ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፍቶልኝ አያውቅም፤ በሄድኩ ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል ይላል።

ዝናቡ ጣለ። የይርሳው ማሳ ሳይታረስ አረም ዋጠው። በሐምሌ በሬውን ሸጠው፤ ይህኛውን ደግሞ ለራት። በመስከረም ቤቱን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር ቢቸና ገባ። እኔ ቤት አልመጣም፤ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተው እንደተቀመጡ ከሰው ሰማሁ። የእህል ነጋዴው ሐምዱ ለመጋዘኑ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው።

የሚያቃጥለኝ ሌላም አለ። በዚያ ሰሞን የተፈራው ሁሉ ቀረ፤ ገማቾቹም ወደ ዋርካ ጊዮርጊስ አልተመለሱም። አለቃዬ በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ኃይለ ጊዮርጊስም አንድ ቀን በሩ ላይ ሳልፍ ያዝ አደረገኝና «ያን ቀን ብትናገር ኖሮ እኔ ለማን አወራለሁ? የኔም አገር እኮ ነው» አለኝ። በሰላም ዋል ብዬው ገባሁ።

ወር ሙሉ በሐምዱ መጋዘን በኩል ላለማለፍ በታችኛው መንገድ እየዞርኩ ወደ ሥራ ሄድኩ። አንድ ቀን ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ገበያ ወጥቼ ከሸማኔ እጅ አዲስ ጋቢ ገዛሁ፤ ጥሩ ድርብ፣ ፈትሉ ወፍራም፣ ለዘበኛ የሚሆን። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ስገዛ ስለ ቀለም አላሰብኩም። ጠዋት ይዤለት ሄድኩ።

ይርሳው የመጋዘኑ በር ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ሐምዱ የሰጠው ረጅም ካፖርት ለብሷል፤ ሰፍቶት ትከሻው ላይ ይንከረፈፋል፣ እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል። ሲያየኝ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«አያ ይርሳው፣ እንደምን አደርክ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተስ?»

ጋቢውን ዘረጋሁለት። «ይህ ላንተ ነው። ብርዱ መጣ። ከካፖርቱ በላይ ደርበው፤ ደርበው ግድ የለም።»

ጋቢውን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው። ጥሩ ነገር መሆኑን አወቀ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሸማ ያውቃል። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«መልካም ጋቢ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አልወስደውም እንጂ። ይህን ካፖርት ሐምዱ ሲሰጠኝ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ቆመው አይተዋል። ከየት አመጣኸው ብባል ጠርቼው ይመሰክርልኛል። ያንተን ለብሼ ማን ሰጠህ ቢሉኝ፣ ማንን ልጥራ?»